አውቄዋለሁ ባዩ የመስታወት ሰዓሊ

ድሮ ድሮ፣ ለተራራው ስም ሳይወጣለት፣ ለወንዙም ድልድይ ሳይሠራለት፣ ስሟን እኔም በማላውቃት በአንዲት አገር ቢሻው የሚባል ሰዓሊ ነበር። ሰዓሊ ነበር ስላችሁ ለጊዜው እሺ በሉኝ፤ ሰዓሊነቱን ኋላ ታዩታላችሁ።

ቢሻው በጨርቅና በብራና ላይ ሲሥል እጁ አይታማም። እግዜር የሰጠውን መካድ ኃጢአት ነው። ክፋቱ ምን መሰላችሁ፣ እጁ አንድ ክንድ ሲሄድ አፉ አንድ ጋሻ መሬት ይሄዳል። ቅዱስ ጊዮርጊስን ሥሎ ሲጨርስ የሚያወራው ስለ ሰማዕቱ አይደለም፤ የፈረሱን ኮቴ እንዴት አድርጎ እንዳሳመረው ነው። ሰው "ሥዕሉ እንዴት ያምራል!" ሲለው፣ "ሥዕሉማ ምን ያውቃል፣ ሰዓሊው ነው እንጂ" ይላል። ብሩሹን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ገበያ ለገበያ ሲንጎራደድ ላየው፣ ፀሐይን ቀለም የቀባት እሱ ይመስላል።

በዚያች አገር አንዲት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ነበረች። የአገሩ ባለጸጋ ቀኛዝማች ጓንጉል ከባሕር ማዶ አንድ ትልቅ መስታወት በጭድ አስጠቅልለው፣ በሰው ትከሻ አሸክመው አስመጡላት። ፊት የሚያዩበት መስታወት አይደለም፤ እንደ ምንጭ ውኃ ጥርት ያለ፣ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ነው። "በዚህ ላይ የፍርድ ቀን ይሣልልኝ። ጻድቃን በቀኝ፣ ኃጥኣን በግራ" አሉ ቀኛዝማች።

በመስታወት ላይ መሣል የሚያውቁ በአገሩ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ፣ አባ ዘወንጌል የሚባሉ። ይህ ሥራ እንደ ጨርቅ ሥራ አይደለም። ሰዓሊው ቀለሙን የሚቀባው በመስታወቱ ጀርባ ነው፤ ምእመን የሚያየው ደግሞ በፊቱ በኩል ነው። ሰዓሊው ወዲህ፣ ተመልካቹ ወዲያ። ለዚህ ነው ትዕግሥት የሚፈልገው።

ቢሻው ይህን ሲሰማ ወደ አባ ዘወንጌል ዘንድ ሄደ።

"አባ፣ ያስተምሩኝ።"

"ደግ፣ ሦስት ክረምት ነው" አሉት።

"ሦስት ክረምት! እግዜር እንኳ ዓለሙን ሁሉ በስድስት ቀን ጨርሶ የለ?"

"እሱ መምህር አላስፈለገውም፣ ልጄ። አንተ ያስፈልግሃል።"

ቢሻው ከንፈሩን ነክሶ ተቀመጠ። አባ ዘወንጌል የመስታወት ስባሪ ሰጡትና "የመልአክ ፊት ሣልበት" አሉት። ቢሻው በጨርቅ እንደለመደው መጀመሪያ የፊቱን መልክ ቀባ። እሱ ሲደርቅ ቅንድቡን ሠራ። በመጨረሻም ዓይኑን እንዲህ አድርጎ ኳለው፣ ኮረዳ እንኳ እንዲያ አትኳልም። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ውዳሴ ይጠብቅ ጀመር።

"ዙረህ እይ፣ ልጄ" አሉት።

ዞሮ አየ። መልአኩ ዓይን የለው፣ ቅንድብ የለው፣ አፍ የለው! ልሙጥ ቢጫ፣ ልክ እንደ ቅል። መልኩን አስቀድሞ ስለቀባው ዓይኑም ቅንድቡም ከበስተኋላ ተደብቀው ቀሩ።

ለካ እትዬ ማንአህሎሽ በር ላይ ቆማለች። ሸክላ ሠሪ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ልቧ ንጹሕ፣ ምላሷ ግን ለማንም የማይመለስ። የቀለም ገንቦ ለአባ ስታመጣ ነው የደረሰችው። ሥዕሉን አይታ፣ "ውይ! ይህ መልአክ ምን በደለ ቢባል ነው ዓይኑ የጠፋው?" ብላ ሳቀች።

ቢሻው ያን ሳቅ ልቡ ውስጥ አስቀመጠው።

አባ ዘወንጌል ግን አልሳቁም። "በመስታወት ላይ ፊተኛው ኋለኛ፣ ኋለኛው ፊተኛ ይሆናል" አሉት። "በጨርቅ ላይ መጨረሻ የምትሥለውን ዓይን፣ እዚህ መጀመሪያ ትሥለዋለህ። የፊቱን መልክ ከዚያ በኋላ ትደርብበታለህ። ከጀርባ ስታየው ዝብርቅርቅ ያለ ቀለም ነው፤ የሚያምረው በወዲያ በኩል ነው።"

"አውቄዋለሁ! ሌላ አለ?" አለ ቢሻው።

"አለ። ብሩሽ ከማንሣትህ በፊት ትጾማለህ። አንድ ዓይን ለመሣል አንድ አቡነ ዘበሰማያት ትደግማለህ።"

"አውቄዋለሁ! ሌላ አለ?"

"አንድ አለ፤ የሁሉ እናት እሱ ነው። ስትጨርስ ብቻ አይደለም፤ ሳትጀምርም ዙረህ እይ። ሕዝቡ በሚቆምበት ቆመህ፣ ሕዝቡ የሚያየውን እይ።"

"አውቄዋለሁ፣ አውቄዋለሁ! ሌላ አለ?"

"የለም፤ ያው እሱ ነው" አሉና ወደ ሥራቸው ዞሩ። የሰማ ጆሮ ሁሉ ያዳመጠ ቢሆን ኖሮ መምህር ምን ይሠራ ነበር?

አባ ዘወንጌል ጾመው ጸልየው ጌታን በትልቁ መስታወት መካከል ሣሉት። ቀኝ እጁ ለቡራኬ ከፍ ብሏል፤ ግራ እጁ "ከእኔ ራቁ" ሲል ወደ ታች ገፍቷል። ሲጨርሱም ከጀርባው ወፍራም ቀይና ሰማያዊ ቀለም ደርበው ዘጉት። ከኋላ ለሚያየው ሰው የቀለም ግድግዳ ብቻ ነው፤ እጅም አይታይ፣ ፊትም አይታይ። ግራና ቀኙ ገና ባዶ መስታወት ነው። ጠራቢው በበኩሉ መስታወቱ የሚገባበትን የእንጨት ማቀፊያ አበጅቶ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ አቁሞታል። በጌታ ቀኝ በሚውለው ጠርዝ የገነት ዛፍ፣ በግራ በሚውለው ጠርዝ የገሃነም ነበልባል ተሥሎበታል።

እዚህ ላይ እንዳሉ የአባ ዘወንጌልን ዓይን ሞራ ጋረደው። ሰው ከዛፍ መለየት አቃታቸው። "ስሙ ይመስገን፣ ጌታን እስክጨርስ ጠበቀኝ" አሉ እንጂ አላጉረመረሙም።

ቀኛዝማች ጓንጉል ይህን ሰምተው በበቅሏቸው መጡ። ማዕረጋቸው የቀኝ ጦር አዝማች ነውና ድግስ ቢሄዱ ከቀኝ፣ ሸንጎ ቢቀመጡ ከቀኝ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ከቀኝ ካልሆነ አይቀመጡም።

"አባ፣ ለመሆኑ እኔ የቱ ጋ ነኝ?"

"ከጌታ እግር ሥር፣ በግንባርዎ ተደፍተው ሲማጸኑ። ሥዕል ያሠራ ሰው የሚሣለው እንደዚያ ነው፤ ከአባቶች የመጣ ደንብ ነው።"

"ተደፍቼ! እኔ ጓንጉል! ንጉሥ ፊት ቆሜ የምናገር ሰው!"

"ንጉሥ ፊት ቆመው ይሆናል፤ ይህ ግን ንጉሡም የሚደፋበት ነው" አሉ አባ።

"እንዲህ አይደለም። በጌታ ቀኝ ያቁሙኝ፤ ከጻድቃን ሁሉ ፊት፣ ካባዬን ለብሼ፣ ከነበቅሎዬ።"

"በቅሎዋ እንኳ ብትገባ ግድ የለኝም፤ እሷ ምን በደለች?" አሉ አባ ዘወንጌል።

ቀኛዝማች ፊታቸው ጠቆረ። በቅሏቸውን መልሰው በቀጥታ ወደ ቢሻው ሄዱ።

"ሰማህ ቢሻው፣ አሮጌው ዓይኑ ጠፍቷል። መስታወቱን ውሰድና ግራና ቀኙን ጨርስ። ለጥቅምት መድኃኔ ዓለም ካደረስህልኝ፣ የቤተ ክርስቲያኑን የሰዓሊ መሬት ለአንተ አስደርጋለሁ፤ የአሮጌውም ቤት የአንተ ነው። ካሳፈርከኝ ግን እግርህን ነቅለህ ከዚህ አገር ትጠፋለህ።"

ቢሻው መሬቱን ገና ሳይሰጡት በሐሳቡ አርሶ፣ ዘርቶ፣ አጭዶ ወቃው። የአባንም ቤት ክዳን ቀይሮ ገባበት። ሽማግሌው የት ይወድቃሉ የሚል ነገር በልቡ አላለፈም፤ ልቡ ሞልቶ ነበራ!

"ቀኛዝማች፣ ይደረጋል። በቀኝ እርስዎን አቆማለሁ። በግራስ ማንን ልሣል?"

"‘ድንበሬን ገፋ’ ብላ በአደባባይ የከሰሰችኝን ያቺን ማንአህሎሽን። ምስክር የቆመላትን ሸማኔውን። ደጄ ላይ እየተጎለተ እንቅልፍ የሚነሣኝን ለማኝ።"

"እኔም አንድ ሰው አለኝ" አለ ቢሻው። ማንን ነው ያላችሁ እንደሆነ፣ መምህሩን አባ ዘወንጌልን ነው። የሰው ልጅ ያጎረሰውን እጅ መንከስ የጀመረው ዛሬ አይደለም።

መስታወቱ ወደ ቀኛዝማች አዳራሽ ተወሰደ። ቢሻው በረጅም ሳንቃ ላይ የበግ ለምድ አነጠፈና መስታወቱን በፊቱ ደፍቶ አስተኛው። ጀርባው ወደ ላይ ሆነ። መጾሙን ተወው፤ ጠዋት ጮማ፣ ማታ ጠጅ። አቡነ ዘበሰማያት መድገሙንም ተወው። ዓይንን ማስቀደሙን ግን አልረሳውም፤ በዚያ ተስቆበት ነበርና።

አሁን ደህና አድርጋችሁ ስሙ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰዓሊ በጨርቅ ሲሥል ከጌታ ጋር ፊት ለፊት ነው። ስለዚህ የጌታ ቀኝ በሰዓሊው ግራ እጅ በኩል ይውላል። ቢሻው ዕድሜ ልኩን ጻድቃንን በግራ እጁ በኩል ሲደረድር ኖሯል። በመስታወት ግን የሚሥለው ከጀርባ ነውና ይህ ሁሉ ይገለበጣል። ይህን ለማወቅ ብልሃት አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ ዞሮ ማየት ነው። ቢሻው አልዞረም። እጁ የለመደበት ሄደ።

በግራ እጁ በኩል ቀኛዝማችን ሣለ፤ ካባ ለብሰው፣ ጎራዴ ታጥቀው፣ ከነበቅሏቸው፣ ሁለት ዓይናቸው ቦግ ብሎ። ከኋላቸው ማን ቢቆም ጥሩ ነው? ራሱ ቢሻው! ብሩሹን ይዞ፣ ፈገግ ብሎ፣ ሐዋርያትን በክርኑ ገፋ አድርጎ። በቀኝ እጁ በኩል ደግሞ ማንአህሎሽን፣ ሸማኔውን፣ ለማኙንና አባ ዘወንጌልን ደረደራቸው። በአገሩ የሥዕል ደንብ ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥእ በጎኑ ዞሮ በአንድ ዓይኑ ይሣላልና አራቱንም ባንድ ባንድ ዓይን አደረጋቸው።

አንድ ቀን እትዬ ማንአህሎሽ የቀለም ገንቦ ተሸክማ መጣች።

"አንተ ቢሻው፣ እኔን በግራ ባንድ ዓይን ሣልከኝ አሉ፤ እውነት ነው?"

"ቦታሽን አውቄ ነው" አላት ቀና እንኳ ሳይል።

"ተው እንጂ! እኔስ እሺ፣ ክፉ ተናጋሪ ነኝ። አባን ምን አደረጉኝ ብለህ ነው? አፈር አያስበላህም?"

"ገንቦሽን አስቀምጪና ሂጂ።"

"እሄዳለሁ። አባ ግን መልእክት ልከውብሃል። ‘ከመሸፈንህ በፊት ዙረህ እይ በይው’ ብለውኛል።"

"አውቄዋለሁ! ሌላ አለ?"

"የለም። ለደንቆሮ ሁለት ጊዜ አይደወልም" አለችና ነጠላዋን አራግፋ ወጣች።

ሥዕሉ አለቀ። ከጀርባ ሲታይ ደንቡ እንደሆነው ዝብርቅርቅ ያለ ቀለም ነው። ቢሻው በሰው ፊት "አልዞርም" ይበል እንጂ ብቻውን ሲሆን ነገሩ ከነከነው። በሩን ዘጋና የመስታወቱን አንድ ማዕዘን በትንሹ ቀና አድርጎ፣ አንገቱን አጣሞ፣ በሥሩ አጮለቀ። የትኛውን ማዕዘን? ያው የራሱን! የራሱን ፊት አየ። ዓይኑ ሁለት ነው፣ ጺሙ ያምራል፣ ፈገግታው ማር ነው።

"አቤት ቢሻው!" አለ ለራሱ። "ሰው ነህ እኮ!"

ማዕዘኑን መልሶ ደፋው። ከዚያ ወዲያ አንዲት ጋት አላየም። ጀርባውን በሳንቃ ደገፈው፤ ፊቱንም ከሥር ጨርቅ አሳልፎ ሳያየው ሸፈነውና ሲሳብ በሚፈታ ገመድ አሰረው።

የጥቅምት መድኃኔ ዓለም ደረሰ። አገሩ ሁሉ ነጭ ለብሶ ቅጥር ግቢውን ሞላው። መስታወቱ እንደተሸፈነ መጥቶ በማቀፊያው ውስጥ ገባ። ሥዕል በሜሮን ሳይቀባ አይከበርምና ቄሰ ገበዙ የሜሮኑን ብልቃጥ ይዘው ቀረቡ።

"ቀኛዝማች፣ ይገለጥና ይቀባ እንጂ፣ ሳናየው እንዴት ይሆናል?"

"መስታወቱ የእኔ፣ መጋረጃውም የእኔ! ሕዝብ ፊት የምገልጠው እኔ ራሴ ነኝ። በሥሩ እጅዎን ሰደው ይቀቡት።"

ቄሰ ገበዙ ፈሪ ሰው ነበሩ። እግዜርንም ይፈራሉ፣ ቀኛዝማችንም ይፈራሉ። የዚያን ዕለት ደግሞ ቀኛዝማች ቀረብ ብለው ቆመዋል። እጃቸውን በመጋረጃው ሥር ሰደዱና ጸሎቱን እያደረሱ ቀቡት።

ቀኛዝማች በሥዕሉ አንድ ወገን፣ ቢሻው በሌላው ወገን ቆሙ። ሁለቱም ጀርባቸውን ለሥዕሉ፣ ፊታቸውን ለሕዝቡ ሰጡ። ምን ያድርጉ፣ የመጡት ሥዕሉን ሊያዩ ሳይሆን ሰው ሲያደንቃቸው ሊያዩ ነው። ቀኛዝማች ገመዱን ሳቡት። መጋረጃው ወደቀ።

እልልታው አንድ ጊዜ ከፍ አለና መሐል ላይ ተቆረጠ።

ቢሻው የሰዉን ፊት ያያል። አንዱ አፉን በነጠላው ሸፈነ። አንዱ ጎረቤቱን በክርኑ ጎሸም አደረገ። አንዲት ሴት "በስመ አብ" ብላ አማተበችና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቢሻው "ከውበቱ የተነሣ ነው" አለ በልቡ። ሞኝ ሲስቁበት ያመሰገኑት ይመስለዋል።

አባ ዘወንጌል ከፊት ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው አያይም። "ማንአህሎሽ፣ ልጄ፣ ሕዝቡ ለምን ዝም አለ? ምን አለበት? ንገሪኝ" አሉ። ድምፃቸው በዚያ ጸጥታ ለሁሉም ተሰማ።

"ጌታ በመካከል አለ፣ አባ።"

"እሱን አውቃለሁ። በቀኙስ?"

"በቀኙ... በገነት ዛፍ ሥር... ሸማኔው አለ። ለማኙ አለ። እኔ አለሁ። እርስዎም አሉ። ሁላችንም ባንድ ባንድ ዓይን ነን፤ የጌታ ቀኝ እጅ ግን ከራሳችን በላይ ነው።"

"በግራውስ?"

"በግራውማ ቀኛዝማች ናቸው፣ ከነበቅሏቸው። ካባቸው ያምራል፤ ዳሩ እሳቱ ጫፉን ይዞታል። ከኋላቸው ቢሻው ብሩሹን ይዞ ቆሟል። አባ፣ ይስቃል እኮ! እሳቱ ከበስተጀርባው እየነደደ፣ እሱ ጥርሱን ይገልጣል!"

ያን ጊዜ ቅጥሩ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው በከዘራው ተደግፎ፣ ሴቲቱ ሆዷን ይዛ፤ ዲያቆኑ እንኳ ጥላውን መያዝ አቃተው።

ቀኛዝማችና ቢሻው እኩል ዞሩ። አዩ። ቢሻው የኖረበት ግራና ቀኝ እንደ ወፍጮ ዞረበት።

"አዙሩት!" ብለው ጮኹ ቀኛዝማች። "መስታወቱን አዙሩት!"

ሰዎች የኋላውን ሳንቃ አንሥተው መስታወቱን ገለበጡት። አሁን በእርግጥ ቀኛዝማች በቀኝ ሆኑ፤ ግን የት አላቸው ፊት? በጀርባው በኩል ዓይን የለ፣ አፍንጫ የለ፣ ጌታም ራሱ የቀይና የሰማያዊ ግድግዳ ሆኖ ቀረ። ቀኛዝማች አንድ ቢጫ ቅል በካባ ላይ፣ በቅሏቸው ቡናማ ዱባ።

"ቀኛዝማች" አለ ሸማኔው ድምፁን ቀና አድርጎ፣ "ቢዞር ፊት የለዎትም፣ ባይዞር እሳት ውስጥ ነዎት። አንዱን ይምረጡ።"

"ይፋቅ! አሁኑኑ ይፋቅ!"

ቄሰ ገበዙ ብልቃጡን በደረታቸው ይዘው አንገታቸውን ደፉ። "ሜሮን የነካውን ሥዕል ማን ደፍሮ ይፍቃል፣ ቀኛዝማች? ቀቡት ያሉኝ እርስዎ ነዎት።" ከዚያም መስታወቱን በፊቱ መልሰው አስገቡት።

ቀኛዝማች የመጨረሻ ዘዴ መጣላቸው። "ሕዝብ ሆይ፣ ደንቡን ታውቃለህ! ኃጥእ ባንድ ዓይን ነው የሚሣለው! እነዚህን እዩአቸው፣ አራቱም ባንድ ዓይን ናቸው! ሁለት ዓይን ያለኝ እኔ ነኝ!"

እትዬ ማንአህሎሽ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ፊት ወጣች።

"እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፣ ቀኛዝማች። ዳሩ ወንጌል ሲነበብ ጆሮዬን አልደፍንም። ‘ሁለት ዓይን ይዘህ ገሃነመ እሳት ከምትጣል፣ አንድ ዓይና ሆነህ ሕይወት ብትገባ ይሻልሃል’ ይል የለም? ይላል አይልም፣ አባቶች?"

ቄሰ ገበዙ ቀኛዝማችን አዩ፤ ሥዕሉን አዩ። የዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ እግዜር ቀረብ ብሎ የቆመ መሰላቸው።

"ይላል" አሉ።

"ይላል!" አለ ሕዝቡ።

ቀኛዝማች መልስ ቢያጡ ከዘራ አላጡም። "ቢሻው!" ብለው ከዘራቸውን መዘዙ። ቢሻው እግሬ አውጪኝ አለ። የቅጥሩ በር በሰው ተዘግቷል፤ ወዴት ይሂድ? ቤተ ክርስቲያኑን ይዞር ጀመር። እሱ ከፊት፣ ቀኛዝማች ከኋላ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር። ባለፈ ባገደመ ቁጥር ሥዕሉ ፊት ለፊት ይገጥመዋል፤ የተሣለው ቢሻው በሚሮጠው ቢሻው ይስቅበታል።

"እሰይ ቢሻው!" ትላለች ማንአህሎሽ። "ስትለመን እንቢ ብለህ አሁን ገና ዞርህ!"

በሦስተኛው ዙር ቀኛዝማች ትንፋሽ አጥሯቸው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ቢሻው ሄዶ የአባ ዘወንጌል እግር ላይ ተደፋ፤ በግንባሩ፣ ሥዕል ያሠራ ሰው በሚሣልበት አኳኋን።

"አባ፣ ያድኑኝ!"

"ዙረህ አየህ፣ ልጄ?"

"አየሁ፣ አባ። ሦስት ጊዜ።"

"ምን አየህ?"

ቢሻው ትንሽ አሰበ። "ፈገግታዬ... ትንሽ በዝቷል" አለ።

አባ ዘወንጌል እጃቸውን ከራሱ ላይ አነሡ። "እኔ ነኝ ታውሬያለሁ የምል" አሉ። "ሂድ፣ ልጄ። እግዜር ያሳይህ።"

ቢሻውም ሄደ። ራሱ በገባው ውል እግሩን ነቅሎ ከዚያ አገር ጠፋ። በሄደበት ሁሉ "ጥፋቱ የመስታወቱ ነው" እያለ ያወራል አሉ።

የሰዓሊ መሬቱ ከአባ እጅ አልወጣም፤ ቤታቸውም አልተነካ። ሥራውን ማን ተማረላቸው? ሸማኔው። ጥለት የሚጥል ሰው ጨርቅ ፊትና ጀርባ እንዳለው ሳይነገረው ያውቃል። የመጀመሪያውን ቀን አባ "ዙረህ እይ" ሊሉት አፋቸውን ሲከፍቱ ድምፁን ከወዲያ ማዶ ሰሙት።

ቀኛዝማች ጓንጉልስ? የማንአህሎሽን ድንበር በማግሥቱ መለሱላት። ከጽድቅ አይደለም፤ ከፍርሃት ነው፤ ምናልባት ሥዕሉ ይዞር እንደሆነ ብለው። ሥዕሉ አልዞረም። በየበዓሉ መጥተው ከአምድ ኋላ ተደብቀው ካባቸው ይቃጠል አይቃጠል ሰርቀው ያያሉ። አገሬውም ፊታቸው ሲሆን "ቀኛዝማች" ይላቸዋል፤ ዞር ሲሉ "ግራዝማች" ይላቸዋል።

እንግዲህ ከነገሩኝ ላይ አልቀነስሁም፣ ከራሴም አልቀባሁበትም። ከወደዳችሁት ይዛችሁት ሂዱ፤ ካልወደዳችሁት ዞራችሁ እዩት። አባቶችም እንዲህ ብለው ቋጩት፦

ፊቱን ብቻ ያየ፣
ከቀኝ ተለየ።